አንድ ክንድ ቀይ ገመድ

የአምቦ ሰው ሀብተሥላሴን በአባቱ ስም አያውቀውም። «ሀብቴ መብራት» ነው የሚለው። እሱም ይህን ስም ሲሰማ መብራትን ራሱ የፈጠረው ይመስል ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ዕድሜው ስልሳ ሰባት ነው። ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመት ቢሆነውም ካቻቢቴው ከኮቱ የደረት ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ እሱ ካቻቢቴ ይሰካል፤ ለሠርግም፣ ለቀብርም፣ ለቅዳሴም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህን ነገር ልታስተወው ሃያ ዓመት ታግላ ሳይሆንላት ሞተች።

በደርግ ጊዜ፣ የመዳብ ገመድ ተፈልጎ በሚታጣበት ዘመን፣ ከአምቦ አሮጌ ቤቶች ለግማሾቹ መብራት የዘረጋላቸው እሱ ነው። በምን ገመድ? በአሉሚኒየም። ሌላ አልነበረማ! እዚህ ድረስ ነውር የለበትም፤ ያኔ ማን መርጦ ገዛና። ነውሩ የመጣው በኋላ ነው። ሰውዬው ያጣውን ንቆ ያገኘውን ሃይማኖት አደረገው። አሉሚኒየሙን «ነጩ» ይለዋል፣ መዳቡን «ቀዩ»። «ነጩ ይቀላል! ነጩ አይዝግም! ቀዩ የሌባ ቀለብ ነው፤ ነጩን ግን ማንም አይሰርቅብህም!» እያለ አርባ ዓመት ሙሉ ሰበከ። ማን ይከራከረዋል? አምፖሉ እስከበራ ድረስ ሰው ስለ ገመድ ምን ጨነቀው።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው። ነጩ ገመድ ከብሎኑ ሥር ቀስ በቀስ እየላላ እንደሚሄድ፣ የላላው ደግሞ እንደሚሞቅ ያውቃል። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ወጣ ሲል ማንም ሳይጠራው ከቤት ቤት ይዞራል። ሶኬቱን ይፈታል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ «እንግዲህ እስከ ዓመት» ብሎ ይሄዳል። ቢከፍሉት ይቀበላል፣ ባይከፍሉት እስከ በር ድረስ እየተሳደበ ይወጣል፣ በዓመቱ ግን ይመለሳል። እሱ ከዘረጋባቸው ቤቶች አንድም ተቃጥሎ አያውቅም። ይህን ራሱ ሺህ ጊዜ ስለሚናገረው እኛ አንዴ ካልነው ይበቃል።

እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. ግድም አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ከኬክ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይቶ ቢሮ ከፈተ። ከዚያ በፊት አምቦ ላይ ቤት ሲቃጠል ነገሩ የታወቀ ነበር። ጎረቤት ባልዲ ይዞ ይወጣል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ያዋጣል፣ ያማል፣ ያልፋል። አሁን ግን ባንኩ «ቤትህን አስይዘህ ልትበደር ከሆነ መጀመሪያ ለእሳት ኢንሹራንስ አስገባው» አለ። ኢንሹራንሱ በበኩሉ «ከማስገባቴ በፊት ገመዱን ልየው» አለ። ይሄ ደግሞ ምን የከፋ ነገር አለው? ምንም። ክፋቱ ገመዱን እንዲያይ የተላከው ሰው ላይ ነው።

ሰውየው ቀንዓ ይባላል። ሁሉ ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም አይልም። ነጭ ስኒከር ይጫማል፤ የአምቦን ቤቶች ዕጣ የወሰነው ያ ስኒከር ነው፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ኮርኒስ ላይ መውጣት አቧራ አለው፣ የአይጥ ኩስ አለው፣ ጥላሸት አለው። ስለዚህ ቀንዓ ከቆጣሪው አጠገብ ያለችውን የመጀመሪያዋን ሳጥን ብቻ ያስከፍታል። በስልኩ መብራት አጮልቆ ያያል። ቀይ ካየ «መዳብ» ብሎ ይጽፋል፤ ነጭ ካየ «አሉሚኒየም፣ አይቻልም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ስኒከሩን በሶፍት ጠርጎ ይሄዳል። የቀረውን ቤት ድርጅቱ በእምነት ይቀበለዋል።

መጀመሪያ «አይቻልም» የተባለችው መምህርት ወርቅቱ ናት። አጥሯ ከሀብተሥላሴ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ከጃለኔ ጋር በአባቷ ቤት የምትኖር ሴት ናት። ጓሮዋ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ሦስት ክፍሎች ለመሥራት ነበር ብድር የጠየቀችው። ቀንዓ እንደሄደ ነጠላዋን እንኳ በደንብ ሳትደርብ ሀብተሥላሴ ደጅ ደረሰች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ የርስዎ ገመድ ጉድ ሠራኝ!»

«ምን አደረገሽ ደግሞ?»

«አሉሚኒየም ነው፣ እሳት ያስነሳል፣ ኢንሹራንስ አይገባም ብሎኝ ሄደ።»

ሀብተሥላሴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «እሳት ያስነሳል? እሱ ሳይወለድ የዘረጋሁት ገመድ ነው! ለመሆኑ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ አይቷል?»

«ኧረ የት ወጥቶ! ሳጥኗን ብቻ አይቶ ሄደ።»

«ሳጥኗን ብቻ?»

«ሳጥኗን ብቻ።»

ሀብተሥላሴ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ብቻውን ሳቀ። ወርቅቱ የሚያስቅ ነገር አልታይ ብሏት ትክ ብላ አየችው።

በማግሥቱ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ከኤጄታ ሱቅ ቀይ ገመድ ገዛ። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ለክቶ ቆረጠው፤ አንድ ክንድ፣ ከዚያ አያልፍም። የወርቅቱን ሳጥን ከፈተና ቀዩን ከፊት አደረገው፤ ልባሱን ላጥ አድርጎ እንዲያብረቀርቅ ተወው። ከኋላ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ፣ የቀዩን ጫፍ ከአሮጌው ነጭ ጋር ጠመዘዘ፣ ናስትሮ ጠመጠመበት፣ ገፋ አድርጎ ከጭቃውና ከጭዱ መሀል ቀበረው። ቤቱ እንዳለ ነጭ ነው፤ ደጁ ላይ ብቻ ቀይ ሆነ። ቀንዓ ተጠርቶ መጣና አጮልቆ አየ። «ይኸው! ሲቀየር እንዲህ ያምራል» አለና ፈረመ። ወርቅቱ «ገለቶማ ጋሼ! ዋቀዮ ዕድሜ ይስጥዎ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ሰው ሲገናኝ ጤና ከመጠያየቁ በፊት «ክንድ አስገባህ?» ይባባል ጀመር። ኤጄታ መዳብ በሜትር መሸጡን ትቶ በክንድ በክንድ እየቆረጠ ሱቁ በር ላይ ደረደረው። ከጉደር መጡ፣ ከእጃጂ በሚኒባስ መጡ። አርባ ዓመት በሃይማኖት ሳይስማሙ የኖሩ ጎረቤታሞች በክንድ ተስማሙ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም አስገባ፣ የሰንበቴው ሊቀ መንበርም አስገባ። ሁለቱም ታዲያ «ሐሰት አይደለም እኮ፤ ቀይ ገመድ አለን፣ አለን» አሉ። ቀንዓ በየቤቱ እየገባ ቀይ አየ፣ ፈረመ፣ ስኒከሩን ጠረገ። አለቆቹም «አምቦ ገመዱን በሙሉ የቀየረ ከተማ» ብለው በስብሰባ ላይ አመሰገኑት ይባላል።

ሃያ ሦስት ቤት። ሀብተሥላሴ ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዞር ብሎ ያላየው ሰው ሁሉ አሁን ከሩቅ ባርኔጣ ያነሳለታል፣ እድር ላይ ከፊት ወንበር ይለቀቅለታል። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሆዱ ግን ያውቃል። ገና ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ሥልጠና ሲገባ የመጀመሪያው ቀን የተነገረው ነገር ነበር፤ ቀይና ነጭ በቀጥታ አይጠመዘዙም። እርጥበት መሀላቸው ሲገባ ነጩ ይበላል፣ ዱቄት ይሆናል፣ ይሞቃል፣ አንድ ቀን ይነዳል። የሚያገናኛቸው ለብቻው የተሠራ ዕቃ አለ። ያ ዕቃ አምቦ ላይ የለም፤ ቢኖርም ቀንዓ አያየውም፣ ታዲያ ማን ይገዛዋል?

ብሎን ቢሆን በየዓመቱ እየዞረ ያጠብቀው ነበር። ግድግዳ ውስጥ በናስትሮ ተጠምጥሞ የተቀበረ ነገር ግን ምኑ ይጠብቃል? በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሀብተሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዞር ቀረ። «ጉልበቴን አሞኛል» አለ። ጉልበቱ ምንም አልሆነም። በየቤቱ ገብቶ በእጁ የሠራውን ነገር ፊት ለፊት ማየት ነው ያቃተው።

አሁን ወደ ልጁ ወደ ፍቅርአዲስ እንምጣ። ፍቅርአዲስ የሌላ ሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ የሠራች፣ የራሷን ለመክፈት ፈቃዱን ያወጣች፣ ሱቁን የተከራየች፣ የቀራት የባንኩ ብድር ብቻ የሆነች ሴት ናት። የሚያዘው ቤት የአባቷ ነው፤ አብረው የሚኖሩበት። ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። ከዚህ የቀለለ ነገር የት አለ? የክንድ ፈጣሪ እቤቷ ተቀምጧል!

«አባዬ፣ ክንዱን መቼ ነው የምታስገባልን?»

«ነገ።»

ነገ ሲመጣ ጉልበቱ አመመው። ከነገ ወዲያ ገመዱ ጥራት የለውም አለ። በሳምንቱ ኤጄታ ዘግቷል አለ፤ ኤጄታ ግን በሩን ከፍቶ ከሩቅ ይታያል። እምቢ እንዳይል ለምን ልትለው ነው። ለምን እንደሆነ ቢነግራት ሃያ ሦስት ቤት ተነገረ ማለት ነው። እሺ ብሎ እንዳይሠራው ደግሞ የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ከቆጣሪው ጀርባ ነው፤ ራስጌው እዚያው ነው። የሰው ራስጌ ላይ ሲቀብረው ሁለቴ አላሰበም፤ የራሱ ላይ ሲሆን ሦስት ሳምንት ፈራ።

ፍቅርአዲስ ቆሽቷ ሲያር ጊዜ ሳትነግረው ቀንዓን ይዛ መጣች። ወርቅቱም መሰላል ልትዋስ መጥታ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ቀንዓ ሳጥኗን አስከፈተ፣ አጮለቀ። ከዚያ ቀና ብሎ ሀብተሥላሴን አየው።

«ጋሽ ሀብቴ! የከተማውን ገመድ በሙሉ ቀይረው የርስዎን ነጭ ተዉት? ምነው?»

ተንኮል አስቦ አልጠየቀም። ተንኮል ለማሰብ ኮርኒስ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ግን ጥያቄው ግቢው መሀል ቀረ። ሀብተሥላሴ የሳጥኗን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«ጊዜ አጣሁ» አለ።

«ለሃያ ሦስት ቤት ጊዜ አግኝተው?» አለች ወርቅቱ።

እዚህ ላይ መናገር ይችል ነበር። ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚሰማው፤ አንዷ ልጁ፣ አንዷ ጎረቤቱ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «የሰው ይቀድማል ብዬ ነዋ» አላት።

ወርቅቱ አመነችው። አመነችው ብቻ አይደለም፣ እንባዋ መጣ። «ይኼን ሰው እዩልኝ! ለራሱ ቤት ሳይል ለኛ! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ብላ ለቀንዓ ነገረችው፤ በማግሥቱ ደግሞ ለመምህራኑ ሁሉ ነገረች። ቀንዓ «በሉ ሰኞ ተመልሼ ልየው» ብሎ ስኒከሩን ጠርጎ ሄደ። ሀብተሥላሴ ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ ምን ያድርግ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ክንዱን አስገባ። ጠመዘዘ፣ ጠመጠመ፣ ቀበረ። ሰኞ ቀንዓ ፈረመ። በሳምንቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ፍቅርአዲስም በፕላስቲክ አስጠቅልላ ሳሎን ውስጥ ሰቀለችው። ብድሩ በሚቀጥለው ወር ይለቀቃል ተባለ። በደስታዋ ባለ ሁለት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዝታ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ አንዱ ላይ ወጥ፣ አንዱ ላይ ውሃ ትጥዳለች።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀብተሥላሴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እጁን ወደ ራስጌው ሲዘረጋ ግድግዳው ሞቀው። ብድግ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ቆጣሪው ጀርባ ላይ፣ ክንዱ የተቀበረበት ቦታ ላይ ነው።

«ፍቅርአዲስ! ስቶቩን አጥፊ! ግድግዳው እየጋለ ነው!»

ፍቅርአዲስ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። «ምን ያስጮህሃል አባዬ? ኢንሹራንስ ገብተን የለ!»

ቀልዷን አልነበረም፤ ይኸው ነው የገረመው። ወደ ሳሎን ሄዶ ወረቀቱን ከተሰቀለበት አወረደ፣ መነጽሩን ሰካ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ግድግዳ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ ስድስት በር አለ፣ አምስት መስኮት አለ፣ አጥሩና ሽንት ቤቱ እንኳ አለ። ሀብተሥላሴ የሚል ከላይ ባለቤት በሚለው መስመር ላይ ብቻ ነው ያለው። ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል ስለ ገመዱ የተሰጠው ቃል ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ድርጅቱ አምስት ሳንቲም አይከፍልም ይላል።

«ይኼን አንብበሻል?»

«ማን ያነበዋል ይኼን! ሁሉም ሰው ሳያነብ ነው የፈረመው።»

ሁሉም ሰው። ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ወጥቶ ብሬከሩን አጠፋ፣ ሳጥኗን ፈታ፣ እጁን ከግድግዳው ውስጥ ከትቶ ክንዱን ጎትቶ አወጣው። ናስትሮው ቀልጦ እጁ ላይ ተጣበቀ። ፍቅርአዲስ ጮኸች። «አበድክ እንዴ? ያ ሰውዬ ለብድሩ ተመልሶ ቢያየውስ? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! በሞትኩት አባዬ፣ መልሰው!»

«ልጄ፣ እኔ የምተኛው እዚያ ጋ ነው» አላት።

«ሌላ ክፍል ተኛ!»

ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሶ ገባ። ይህን ሐሳብ እሱ ራሱ ከሷ በፊት አስቦታል። አልጋውን ወደ ሳሎን ሊያወጣ ጫፉን ይዞ ከፍ አደረገ። ያኔ ነው ሌሎቹ አልጋዎች ትዝ ያሉት። ከሃያ ሦስቱ ቤት ከቆጣሪው ጀርባ ማን እንደሚተኛ አንዱንም አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅ። አልጋውን ለቀቀው። ዝናቡ ላይ ባዶ ራሱን ወጥቶ የወርቅቱን በር አንኳኳ።

ወርቅቱ በሩን እንደከፈተች ፊቷ በራ። «ውይ ጋሽ ሀብቴ! ኧረ በስብሰዋል፣ ይግቡ ይግቡ! አሁን በዚህ ብርድ እርስዎን እያነሳን ነበር። ክንዱን ካስገቡልን ወዲህ እኮ ያ ግድግዳ እንደ ምድጃ ነው የሚሞቀን፤ ስቶቩ ከተለኮሰማ አይጠይቁኝ! ጃለኔ ከዚያ ሌላ የምታጠናበት ቦታ የላትም።»

ጃለኔ አልጋዋ ላይ ነበረች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። ቀና ብላ «አካም ጋሼ» አለችው።

«ተነሺ» አለ ሀብተሥላሴ። ወደ አልጋው ተራመደ። «ተነሺ ከዚያ! ጃለኔ፣ ተነሺ አልኩሽ!»

ልጅቷ ደንግጣ ከአልጋው ዘለለች፤ ደብተሯ ወደቀ። ወርቅቱ መሀላቸው ገባች። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ምን አደረገች?»

«አውቅ ነበር» አላት። «ስሠራው ጀምሮ አውቅ ነበር። ቀዩና ነጩ አይጠመዘዙም። ይሞቃል፣ ከዚያ ይነዳል። ያንቺም፣ የሁሉም። ጊዜ አጥቼ አይደለም እኔ።»

ወርቅቱ ሄዳ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ተመልሳ የልጇን ጀርባ ዳሰሰች። የሹራቧ ጀርባ እንደ ግድግዳው ይሞቃል። እጇን ልጅቷ ላይ እንዳደረገች ዞራ አየችው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጋሼና እርስዎ እያለችው ያደገች ሴት ናት።

«አንተ» አለችው። «ያኔ የራስህን ቤት የተውከው ለዚህ ነው?»

«አዎ» አለ ሀብተሥላሴ።